መድኃኒት ሰው ሠራሽ የህዋስ ሽፋን ላይ ሲያርፍ በኤስፒአር መለካት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤስፒአር በትክክል የሚለካው ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ሰርፌስ ፕላዝሞን ሬዞናንስ ነው። በመስታወት ላይ 50 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ወርቅ ይለበጣል። ብርሃን ከመስታወቱ ወገን በፕሪዝም አልፎ ይመጣል፤ ከወርቁ ማዶ ደግሞ ፈሳሽ ይፈስሳል። በአንድ የተወሰነ ማዕዘን ላይ የወርቁ ኤሌክትሮኖች የብርሃኑን ጉልበት ስለሚወስዱት የሚንጸባረቀው ብርሃን ይደበዝዛል። ማዕዘኑ የሚወሰነው ወርቁን የነካው ፈሳሽ ብርሃንን በምን ያህል እንደሚሰብር፣ ማለትም በስብረት ኢንዴክሱ ነው። ወርቁ ላይ አንድ ነገር ሲያርፍ ማዕዘኑ ይንሸራተታል፤ መሣሪያውም ይህን ከሰከንድ ሰከንድ በግራፍ መስመር ይመዘግባል። መሣሪያው የሚያየው ከወርቁ ወለል እስከ 200 ወይም 300 ናኖሜትር ድረስ ያለውን ብቻ ነው።

ውጤቱ የሚጻፈው በአርዩ (ሬዞናንስ ዩኒት) ነው። 1 አርዩ በስብረት ኢንዴክስ ላይ የ0.000001 ለውጥ ሲሆን፣ ለፕሮቲን ሲተረጎም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 1 ፒኮግራም ገደማ ይሆናል። ልብ ይበሉ፦ መሣሪያው መድኃኒትን ከጨው፣ ከማሟሚያ ወይም ከሙቀት ለውጥ አይለይም። ሁሉም ለእሱ አርዩ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ጥንቃቄዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ አንድ ነገር ነው።

ኦክታኖልና ውኃ እያለ በሽፋን መለካት ለምን አስፈለገ?

የመድኃኒት ስርጭት፣ ማለትም በዘይትና በውኃ መካከል የሚከፋፈልበት መጠን፣ ብዙ ጊዜ የሚለካው በኦክታኖልና በውኃ ነው። ኦክታኖል ግን ተራ ዘይታማ ፈሳሽ ነው። የህዋስ ሽፋን ግን በሁለት ረድፍ የተሰለፉ ሊፒዶች ነው፤ የሊፒዶቹ ራስ ሙል ይሸከማል፣ ጅራታቸው ሥርዓት ይዞ ይቆማል። ልዩነቱን ፕሮፕራኖሎል በደንብ ያሳያል። የዚህ መድኃኒት ፒኬኤ (ግማሾቹ ሞለኪውሎች ሙል የሚይዙበት ፒኤች) 9.5 ገደማ ስለሆነ በፒኤች 7.4 ከ100 ሞለኪውሎቹ 99 ያህሉ አዎንታዊ ሙል ይዘዋል። ኦክታኖል ሙል ያለውን ቅርጽ በቀላሉ አያስገባም፤ ሽፋን ግን ዘይታማውን ክፍል ወደ ውስጥ፣ ሙል ያለውን ክፍል ወደ ሊፒዱ ራስ አድርጎ ይቀበለዋል። እንደ ክሎርፕሮማዚን፣ ኢሚፕራሚንና አሚዮዳሮን ላሉት አዎንታዊና ዘይታማ መድኃኒቶች የኦክታኖል ቁጥር ብቻውን ያሳስታል።

የትኛውን ቺፕ ልጠቀም?

ቺፕ የሚባለው ወርቅ የተለበጠው መስታወት ነው። ለአብዛኛው ሥራ ኤል1 የሚባለው ይበቃል። ወርቁ ላይ የዴክስትራን ሽፋን አለ፤ ከዴክስትራኑ ላይ የተቀጠሉ ዘይታማ ሰንሰለቶች ሊፖሶሙን (ከሊፒድ የተሠራውን ጥቃቅን ከረጢት) ይይዙታል። ሌላው ኤችፒኤ ነው። እሱ ወርቁ ላይ ዘይታማ ወለል ስላለው ከላዩ የሚዘረጋው አንድ ረድፍ ሊፒድ ብቻ ነው። አንድ ረድፍ ማለት በወርቁ ላይ ያለው ሊፒድ ጥቂት ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የትናንሽ መድኃኒቶች ሲግናል እጅግ ያንሳል። የሞለኪውል ክብደታቸው ከ200 እስከ 500 ለሆኑ መድኃኒቶች ኤል1ን ይምረጡ።

ኤል1 ላይ ሊፖሶሞቹ ክብ እንደሆኑ ይቆያሉ ወይስ ፈርሰው ይነጠፋሉ? ይህ በሊፒዱ ዓይነትና በመጠጋጋታቸው ይለያያል። ለስርጭት ልኬት ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ «መድኃኒቱ ሽፋኑን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ» ብሎ ለመደምደም ግን አይበቃም።

ሊፖሶሙን እንዴት ላዘጋጅ?

ለጀማሪ ፒኦፒሲ የተባለውን ሊፒድ እንመክራለን። ከ0 ዲግሪ በታች (−2 ዲግሪ ገደማ) ስለሚለሰልስ በክፍል ሙቀት ያለ ችግር ይሠራል። የሞለኪውል ክብደቱ 760 ስለሆነ ለ10 ሚሊሊትር 1 ሚሊሞላር 7.6 ሚሊግራም ይበቃል። ዲፒፒሲን ከመረጡ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁሉ ከ41 ዲግሪ በላይ መሠራት አለበት፤ ማጣሪያው ጭምር መሞቅ አለበት።

ሊፒዱን በክሎሮፎርም አሟሙተው ክብ ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉ። ለመለካት የመስታወት ሲሪንጅ ይጠቀሙ፤ የፕላስቲክ ጫፍ በክሎሮፎርም እየሟሟ ወደ ናሙናው ይገባል። ጠርሙሱን እያዞሩ ቀስ ያለ ናይትሮጅን ይንፉበት። ጥሩ ሆኖ ከደረቀ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ስስና ወጥ የሆነ ፊልም ይታያል፤ በብርሃን ሲያዩት መስታወት ላይ እንደ ተነፈሱበት ትንፋሽ ይመስላል። ታች የተከማቸ ነጭ ቅርፊት ካዩ ቶሎ ደርቋል ማለት ነው። ኮሌስትሮል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ኮሌስትሮሉ ተለይቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና በክሎሮፎርም አሟሙተው ይድገሙት። ከዚያ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ ቫክዩም ውስጥ ይቆይ። ጥቂት ክሎሮፎርም ከቀረ ሽፋኑን ያላላዋል፤ መድኃኒቱም ከሚገባው በላይ የገባ ይመስላል።

ባፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ የጨው ውኃ) ጨምረው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ እያወዛወዙ ያርሱት። ቀጥሎ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝና በ40 ዲግሪ ውኃ ማቅለጥ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይደጋገማል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሌለ ደረቅ በረዶ በአልኮል ውስጥ ይሠራል። በመጨረሻ 100 ናኖሜትር ቀዳዳ ባለው የፖሊካርቦኔት ማጣሪያ 21 ጊዜ ያሳልፉት። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነው የመጨረሻው ፈሳሽ ከጀመረበት ሲሪንጅ በተቃራኒ ወገን እንዲወጣ ነው፤ አለበለዚያ ሳይጣራ የቀረ ይቀላቀልበታል። ወተት የሚመስለው ፈሳሽ ከጥቂት ዙር በኋላ እየጠራ ሰማያዊ ፍካት ያሳያል። 21 ዙር አልፎ አሁንም ወተት ከሆነ ማጣሪያው ተቀዷል፤ አውጥተው በብርሃን ይዩት። በብርሃን ብተና ሲለካ ከ100 እስከ 130 ናኖሜትር መሆን አለበት።

በ4 ዲግሪ ያስቀምጡ፤ ማጣሪያውን ካለፈ በኋላ ፍሪዘር ውስጥ እንዳይገባ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠቀሙበት።

ምን ዓይነት ባፈር?

10 ሚሊሞላር ፎስፌት፣ 150 ሚሊሞላር ጨው፣ ፒኤች 7.4፤ በ0.22 ማይክሮሜትር የተጣራና አየሩ የወጣለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፦ ለኤስፒአር ተብለው የሚሸጡ ብዙ ዝግጁ ባፈሮች ፒ20 የሚባል ሳሙና አላቸው። ለፕሮቲን ሥራ ይጠቅማል፤ ሊፖሶምን ግን እየላጠ ይወስዳል። ስማቸው ላይ «ፒ» የተጨመረባቸውን ባፈሮች ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ከእርስዎ በፊት ፒ20 ያለበት ሥራ መሣሪያው ላይ ከተሠራም ቱቦዎቹን አስቀድመው ዲሶርብ በሚባለው የመሣሪያው የማጠቢያ ሥርዓት ያጥቡ። መነሻ መስመሩ በየደቂቃው ቀስ እያለ ከወረደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሊፖሶሙን ቺፑ ላይ እንዴት ላሳርፍ? መሙላቱንስ በምን አውቃለሁ?

ቺፑን በ20 ሚሊሞላር ቻፕስ ወይም በ40 ሚሊሞላር ኦክቲል ግሉኮሳይድ ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ደቂቃ ይጠቡት፤ ከዚያ ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ በፈጣን ፍሰት ባፈር ያሳልፉ። ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሞላር የሆነ ሊፖሶም በደቂቃ 2 ማይክሮሊትር ፍጥነት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይልቀቁ። መስመሩ መጀመሪያ ተቻኩሎ ይወጣል፣ ቀስ በቀስም ይረጋል። ከ5000 እስከ 10000 አርዩ መካከል ከረጋ ጥሩ ነው። ቀጥሎ 50 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለ30 ሰከንድ በፈጣን ፍሰት ያልፋል፤ ላላ ብለው የተንጠለጠሉትን ይጠርጋል። መስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀጥ ካለ ሽፋኑ ዝግጁ ነው።

መሙላቱ የሚታወቀው በቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ ፕሮቲን) ነው። በሚሊሊትር 0.1 ሚሊግራም የሆነ ቢኤስኤ ለአንድ ደቂቃ ያሳልፉ። ባዶ ኤል1 ላይ ቢኤስኤ እስከ 1000 አርዩ ድረስ ይጣበቃል፤ በደንብ በተሞላ ቺፕ ላይ ግን ከ100 በታች ይቀራል። ይህ ፈተና አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይሠራ የቀረ እንደሆነ መድኃኒቱ የተጣበቀው ሽፋኑ ላይ ይሁን ባዶ በቀረው የቺፕ ክፍል ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ባዶ ኤል1 ማነጻጸሪያ ሊሆን ይችላል?

አይሆንም። ባዶ ኤል1 ላይ ያሉት ዘይታማ ሰንሰለቶች ራሳቸው ዘይታማ መድኃኒት ይይዛሉ፤ የዴክስትራኑ አሉታዊ ሙል ደግሞ አዎንታዊውን ይስባል። ከእሱ ሲቀንሱ እውነተኛውን ውጤት አብረው ይቀንሳሉ። የተሻለው መንገድ ሁለት ቻናሎችን (ቺፑ ላይ ፈሳሽ ለየብቻ የሚያልፍባቸውን መንገዶች) በሁለት ዓይነት ሊፒድ ሞልቶ ማወዳደር ነው፤ ለምሳሌ አንዱን በንጹሕ ፒኦፒሲ፣ ሌላውን አሉታዊ ሙል ያለው ፒኦፒኤስ አንድ አምስተኛ በተቀላቀለበት ፒኦፒሲ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሊፒዱ ራስ ሙል ያመጣው ነው ማለት ያኔ ይቻላል።

ዲኤምኤስኦ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

ዲኤምኤስኦ በውኃ በቀላሉ የማይሟሙ መድኃኒቶች የሚሟሙበት ፈሳሽ ነው። የውኃ ስብረት ኢንዴክስ 1.333፣ የዲኤምኤስኦ 1.479 ነው። በሂሳብ ሲታይ 1 በመቶ ዲኤምኤስኦ ከ1400 አርዩ በላይ ያመጣል። 0.01 በመቶ ብቻ ልዩነት 14 አርዩ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት የመድኃኒቱ ሲግናል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 50 አርዩ ነው። በፒፔት ላይ የሚሠራ ጥቃቅን ስህተት መድኃኒት መስሎ ይታያል ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ባፈሩን 1.05 እጥፍ አድርገው ያዘጋጁ። ከእሱ 950 ሚሊሊትር ላይ 50 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ ሲጨመር ትክክለኛ የጨው መጠን ያለው 5 በመቶ ዲኤምኤስኦ የሚፈስስ ባፈር ይሆናል። መድኃኒቱም በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ በንጹሕ ዲኤምኤስኦ ውስጥ ካለው 10 ሚሊሞላር ላይ 50 ማይክሮሊትር፣ ከ1.05 እጥፉ ባፈር 950 ማይክሮሊትር፤ 500 ማይክሮሞላር ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉትን መጠኖች ሁሉ የሚያቀጥኑት በሚፈስሰው ባፈር ነው፤ በሌላ ጊዜ በተዘጋጀ ባፈር ፈጽሞ አይደለም። ጠርሙሶቹን ወዲያው ይክደኑ፤ ዲኤምኤስኦ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውኃውም ከተከፈተ ዕቃ ይተናል።

«ሁለቱንም ቻናል ስለምቀናንስ ይጠፋል» የሚል ክርክር ይነሳል። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሊፖሶም በያዘው ቻናል ከወርቁ አጠገብ ያለውን ቦታ ሊፒዱ ስለወሰደው ለፈሳሹ የሚቀረው ቦታ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ዲኤምኤስኦ በሁለቱ ቻናሎች ላይ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ለዚህ ነው ከ4.5 እስከ 5.8 በመቶ ድረስ ዲኤምኤስኦ ያለባቸው ስምንት ያህል ባዶ ናሙናዎች አልፈው የማስተካከያ መስመር የሚሠራው።

የመስመሩን ቅርጽ እንዴት ላንብብ?

ከ7.8 እስከ 500 ማይክሮሞላር ሁለት ሁለት እጥፍ እያደረጉ ሰባት መጠኖች ያዘጋጁ። እያንዳንዱ በደቂቃ 30 ማይክሮሊትር ፍጥነት ለ60 ሰከንድ ይለፍ፤ ከዚያ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ባፈር ብቻ። በየመካከሉ ባዶ ባፈር ያስገቡ።

መስመሩ ወዲያው ወጥቶ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ የመድኃኒቱ ፍሰት ሲቆም ወዲያው ከወረደ መድኃኒቱ በውኃና በሽፋን መካከል በነጻነት ይመላለሳል። ወጥቶ የሚወርድበት ጊዜ ከረዘመ፣ እንደ አሚዮዳሮን ያሉት ላይ እንደሚታየው፣ መድኃኒቱ ሽፋኑ ውስጥ ይቆያል፤ ቀጣዩን ናሙና ከማስገባትዎ በፊት ሽፋኑን አጥቦ በአዲስ ሊፖሶም መተካት ይሻላል። ጠፍጣፋ ሳይሆን እየወጣ የሚሄድ መስመር ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ ተጓጉሎ ወለሉ ላይ እየተከመረ መሆኑን ያሳያል። ናሙናውን በሴንትሪፉጅ አዙረው ላዩን ብቻ ይሞክሩ፤ ሲግናሉ ከቀነሰ መልሱ ተገኘ።

በጣም የሚያሳስበው መስመሩ ከመነሻው በታች ሲወርድ ነው። መድኃኒቱ እንደ ሳሙና ሆኖ ሊፒዱን እያነሳ ነው። ያን መጠንና ከዚያ በላይ ያሉትን ከስሌት ያውጡ፤ እንደ ግኝት ግን ይመዝግቡት፤ መድኃኒቱ በዚያ መጠን ሽፋን ያፈርሳል ማለት ስለሆነ።

ከአርዩ ወደ ስርጭት ቁጥር እንዴት ይሄዳል?

ለስሌት ብቻ የተመረጡ ቁጥሮችን እንውሰድ። ሊፖሶሙ 6000 አርዩ፣ ሊፒዱ ፒኦፒሲ፤ መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል፣ ክብደቱ 259፣ በ100 ማይክሮሞላር 40 አርዩ ሰጠ እንበል። 40 ለ259 ሲካፈል 0.154፤ 6000 ለ760 ሲካፈል 7.89። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ብናካፍል 0.0196፤ በ100 ሊፒድ 2 የመድኃኒት ሞለኪውል ገደማ። ይህንን ውኃው ውስጥ ላለው መጠን፣ ለ0.0001 ሞላር ስናካፍል በሞላር 196 ይመጣል። አንድ ሞል ሊፒድ 0.76 ሊትር ያህል ስለሚይዝ 196 ለ0.76 ሲካፈል 258 ገደማ ነው፤ ሎጋሪዝሙ 2.4።

ስሌቱ መድኃኒቱና ሊፒዱ በአንድ ግራም እኩል አርዩ እንደሚሰጡ ይገምታል። ይህ ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ መድኃኒቶችን እርስ በርስ ለማወዳደር ግን በቂ ነው። አዎንታዊ መድኃኒት አሉታዊ ሽፋን ላይ ሲከማች ተከታዩን ስለሚገፋ መስመሩ ይጎብጣል። እንዲህ ሲሆን ከዝቅተኛዎቹ መጠኖች የሚገኘውን ቁልቁለት ይውሰዱ።

አምፎተሪሲን ቢን በዚህ መንገድ ማጥናት ይቻላል?

ይቻላል፤ ለእኛ አገርም ትርጉሙ ከሩቅ አይደለም። በሁመራና በመተማ ቆላ የሚገኘው ካላዛር (ሊሽማንያ የተባለ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ) ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች አንዱ በሊፖሶም የተያዘ አምፎተሪሲን ቢ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ሽፋን ላይ ነው፦ ሊሽማንያ ሽፋኑ ውስጥ ኤርጎስቴሮልና ዘመዶቹ አሉት፣ የሰው ህዋስ ግን ኮሌስትሮል። ሁለት ቻናል ይበቃል፤ አንዱ ፒኦፒሲ ከ30 በመቶ ኤርጎስቴሮል ጋር፣ ሌላው ፒኦፒሲ ከ30 በመቶ ኮሌስትሮል ጋር። መቶኛው በሞል ነው።

ችግሩ መድኃኒቱ በውኃ ውስጥ በቀላሉ መጓጎሉ ነው። ዲኤምኤስኦ ውስጥ አሟሙተው ከ1 ማይክሮሞላር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ይሥሩ፤ ልክ ከመግባቱ በፊት በስፔክትሮፎቶሜትር ይፈትሹ። ያልተጓጎለው በ409 ናኖሜትር ላይ ቀጥ ያለ ጫፍ ያሳያል፤ ሲጓጎል ያ ጫፍ ዝቅ ብሎ በ340 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ይመጣል። ሞለኪውሉ 924 ስለሚመዝን በዝቅተኛ መጠንም ሲግናል ይሰጣል። ኤርጎስቴሮል በአየርና በብርሃን ስለሚበላሽ ጠርሙሱን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልለው ናይትሮጅን ይሙሉበት። ኤርጎስቴሮሉ ተበላሽቶ ሳለ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ስለ መድኃኒቱ ምንም አልተማርንም።

ሉመፋንትሪን መጠኑ እየተለዋወጠ ያስቸግራል፤ ለምን?

ይህ የወባ መድኃኒት እጅግ ዘይታማ ስለሆነ በፕላስቲክ ጠርሙስና በቱቦ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ያስገቡት መጠን ቺፑ ላይ የሚደርሰው አይደለም። የመስታወት ዕቃ ይጠቀሙ፤ ከመሣሪያው የወጣውን ፈሳሽም ሰብስበው በክሮማቶግራፊ ይለኩ።

ሙቀትና አረፋ

የውኃ ስብረት ኢንዴክስ ለ1 ዲግሪ በ0.0001 ያህል ይለወጣል፤ ይህም 100 አርዩ ነው። ባፈሩ ከፍሪጅ ወጥቶ ወዲያው መሣሪያ ውስጥ አይገባም፤ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። በ37 ዲግሪ ሲሠሩ አየር ከባፈሩ ስለሚወጣ አረፋ ይበዛል። መስመሩ ላይ ድንገት የሚታይ ቀጥ ያለ ሹል ጫፍ አረፋ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ቺፑን ስንት ጊዜ መጠቀም ይቻላል?

ቁጥሩን የሚነግርዎ መነሻ መስመሩ ነው። ቻፕሱ ካልበቃ አይሶፕሮፓኖልና 50 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 2 ለ3 ተቀላቅሎ ሊፒዱን ያነሳል። ከታጠበ በኋላ መስመሩ ወደ መጀመሪያው ካልተመለሰ፣ ወይም ያው ሊፖሶም ከበፊቱ ያነሰ አርዩ ላይ ከረጋ፣ ቺፑ ጊዜው አልፏል።

የተገዛ መሣሪያ የለንም፤ ራሳችን ልንሠራ እንችላለን?

ለማስተማርና ለሊፖሶም ማሳረፍ፣ አዎ። 2 ናኖሜትር ክሮም እና 50 ናኖሜትር ወርቅ የተለበጠ መስታወት፣ ቢኬ7 ፕሪዝም፣ 632.8 ናኖሜትር የሂሊየም ኒዮን ሌዘር፣ ፖላራይዘር፣ የሚዞር ጠረጴዛና ፎቶዲዮድ ያስፈልጋል። ብርሃኑ ፒ ፖላራይዝድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ጉድጓዱ (የሚንጸባረቀው ብርሃን የሚደበዝዝበት ቦታ) አይታይም። ፕሪዝሙና መስታወቱ መካከል የስብረት ኢንዴክሱ ተመሳሳይ የሆነ ዘይት ይደረጋል። በውኃ ውስጥ ጉድጓዱን ከ72 እስከ 73 ዲግሪ መካከል ይፈልጉት። የ40 አርዩ መድኃኒት ለማየት ግን ማዕዘኑን ከዲግሪ ሺኛ ባነሰ ስህተት መለካትና ሙቀቱን አጥብቆ መቆጣጠር ይጠይቃል፤ ያ በእጅ በተሠራ ጠረጴዛ ከባድ ነው።

ኤስፒአር የማይነግረኝ ምንድን ነው?

መድኃኒቱ በሽፋኑ ጥልቀት የት እንደቆመና የሊፒዶቹን አሰላለፍ እንዴት እንዳዛባ አይነግርም። አሰላለፉን ለማወቅ ዱዋል ፖላራይዜሽን ኢንተርፌሮሜትሪ የተባለው ሌላ የብርሃን መለኪያ ይሻላል፤ ውፍረትና ክብደት ለይቶ ይሰጣል።

ለአንድ መድኃኒት ስንት ሚሊግራም ያስፈልጋል?

ከላይ ላለው ሰባት መጠን 1 ሚሊሊትር 500 ማይክሮሞላር ይበቃል፤ ለፕሮፕራኖሎል 0.13 ሚሊግራም ነው። ሦስት ጊዜ ለየብቻ ሲዘጋጅ 0.4። ሚዛን ላይ ከ2 ሚሊግራም በታች አይመዝኑ፤ የሚመዘነው ካነሰ ስህተቱ ይሰፋል። የተረፈውን 10 ሚሊሞላር በትናንሽ የመስታወት ጠርሙሶች ከፋፍለው በ−20 ዲግሪ ያስቀምጡ፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙ።